የእትዬ ቀስ በሉ ክሪስታል

በቤተ ሙከራው በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «እትዬ ቀስ በሉ» ይሏት ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው በምድጃ እያቀለጠች ክሪስታል አብቅላለች። ክሪስታል ችኮላ አይወድም፤ ቶሎ ከቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በሩን በርግዶ የገባን ሁሉ «ቀስ በሉ!» ማለት ልማዷ ሆነ።

አዲሱ ዶክተር ሲመጣ ገና ከመጀመሪያው ቀን ደመ መራራ ሆነባት። እሱም ቢሆን ዓይኗን ማየት አይፈልግም።

አንድ ቀን ክሪስታሏን በሌዘር እየመታች ንዝረቱን ትለካ ነበር። ክሪስታል ውስጥ አተሞች ተሰልፈው፣ ተያይዘው ነው የሚቆሙት፤ አንዱ ሲነቃነቅ ጎረቤቱን ይነቀንቃል፣ ጉልበቱም ለሁሉም ተዳርሶ ወዲያው ይረጋል። ምቱ ቀላል ሲሆን እንደተባለው ሆነ። ምቱን ስታበረታው ግን ንዝረቱ አልሰራጭ አለ፤ አንድ ቦታ ላይ ሙጭጭ ብሎ ቀረ።

ውጤቱን ለዶክተሩ ወሰደችለት። እሱ ገና ወረቀቱን ሳያየው፣

«ክሪስታሉን አቆሽሸሽው ነው» አላት።

«ዶክተር፣ በሦስት ክሪስታል አሥራ አንድ ጊዜ ለክቼዋለሁ።»

«አሥራ አንድ ጊዜ ተሳስተሻላ! ያንቺ ሥራ ማቅለጥ ነው፤ ማሰቡን ለእኛ ተዪው።»

ዶክተሩ በዚህም አልበቃውም፤ በማግስቱ ለኃላፊው ጽፎባት ዕቃ ግምጃ ቤት አስመደባት። ደብተሯንም «የቤተ ሙከራው ንብረት ነው» ብሎ አስቀረባት።

ስድስት ወር ሳይሞላ ዶክተሩ አዲስ ነገር አገኘሁ ብሎ ሰው ጠራ። ታናሽ እህቷ «ጡረታሽ ቀርቧል፤ አፍሽን ይዘሽ ተቀመጪ» ብትላት አልሰማቻትም። ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ግድግዳው ላይ የበራው ግራፍ የራሷ ነበር።

እጇን አወጣች። «ክሪስታሉ በሰዓት ስንት ዲግሪ እየቀነሰ ነው የቀዘቀዘው?»

ዶክተሩ ወረቀቱን አገላበጠ። «እሱ አሁን አስፈላጊ አይደለም።»

«ሁለት ዲግሪ ነው። አቆሽሸሽው ነው ያሉኝ ክሪስታል እኮ ነው፣ ዶክተር!»

ኃላፊው ከፊት ወንበር ዞር ብሎ አያት፤ ከዚያም ደብተሩ እንዲመጣ አዘዘ። የእጅ ጽሑፏ ከነቀኑ ተገኘ።

ጽሑፉ ሲታተም ስሟ ገባ፤ ያውም ኃላፊው አስገድዶት። ወደ ምድጃዋም መለሷት። ዶክተሩ ግን ይቅርታ አልጠየቃት፣ እሷም አልጠበቀችም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ ኮሪደር ላይ ሲገናኙ እሱ ግድግዳውን፣ እሷ መስኮቱን እያየች ይተላለፉ ነበር።