ወንዳወቅ ጨረቃን ያሳየበት ክርስትና

ወንዳወቅ ፍኖተ ሰላም ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ከሻይ ቤቴ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ስለ እሱ የማላውቀው ነገር የለም፤ ያላወቅሁትን ደግሞ እጠይቃለሁ። የቡሬው አስፋልት ሲሠራ ቤቱን ተከራይቶ የነበረ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ ቴሌስኮፑን ትቶለት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ በሬ ይገዛበት ነበር። ወንዳወቅ ግን ሲመሽ ከሱቁ ደጅ ይተክለውና መንገደኛውን ሁሉ "ኑ እዩ!" ይላል። በነፃ! ሻይም ይጋብዛል፤ ከእኔው ሻይ።

ችግሩ የመጣው ከሰዉ ነው። በእኛ አገር ኮከብ የሚያይ ሰው ሥራው አንድ ነው፤ ስምህንና የእናትህን ስም ጠይቆ ዕድልህን ይነግርሃል። ስለዚህ ተሰላፊው ዓይኑን ወደ መስታወቱ ሳያስጠጋ፣ "እንዳለው እባላለሁ፤ እናቴ ማሚቱ። የኔዋ የትኛዋ ናት?" ይላል። ወንዳወቅ "ጋሼ፣ እኔ አሳያለሁ እንጂ አልቆጥርም" ቢል ማን ይሰማዋል? አንዷማ ባል ያገኘሁት በወንዳወቅ ቱቦ ነው ስትል ከረመች።

ወሬው ቋሪት ገበዝ ማርያም ድረስ ሄዶ ከአባቱ ጆሮ ገባ። አያ ገብረሰንበት ገበሬ ናቸው፤ ጠንቋይ ቤት ከሄደ ሰው እጅ ውኃ የማይጠጡ። "ኮከብ ከሚቆጠርበት ቤት እግሬ አይገባም" አሉ፤ አልገቡም። ሁለት ፋሲካ አለፈ። ወንዳወቅ በሁሉ ይቀልዳል፤ በዚህ ግን አይቀልድም። የአባቱን ስም ሳነሳ መርፌው ጣቱን ይወጋዋል።

ከዚያ ሚስቱ ፍሬሕይወት ወንድ ልጅ ወለደች። ለክርስትናው አያ ገብረሰንበት ከቤተ ክርስቲያን አልቀሩም፤ የልጅ ልጅ ነዋ! ሕፃኑ ሲጠመቅ ቆመው አዩ፣ ሳሙት፣ ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሊያቀኑ ሲሉ ጋቢያቸውን ይዤ አስቀረኋቸው።

"አያ፣ ድግሱ ያለው ዳስ ውስጥ ነው። ዳስ ደግሞ ቤት አይደለም።"

ትንሽ አሰቡ። "ዳስስ ቤት አይደለም፣ እህተ ማርያም" አሉና መጡ። ተመስገን አልኩ። ለልጃቸው ግን ፊት አልሰጡትም፤ ጠላውን ከእኔ እጅ እንጂ ከእሱ እጅ አልተቀበሉም።

ፀሐይ እንደገባች የሦስት ቀን ጨረቃ ከባሕር ዛፉ በላይ ታየች። ወንዳወቅ ሲያመነታ ቆይቶ ቴሌስኮፑን አውጥቶ ከዳሱ ደጅ ተከለ።

"አባባ፣ አንዴ ብቻ ይዩልኝ። አይተው ጥንቆላ ነው ካሉ ነገውኑ እሰብረዋለሁ" አለ።

አያ ገብረሰንበት ወደ ደብሩ መምህር፣ ወደ መሪጌታ ሃይለ ሚካኤል ዞሩ።

"ምን ይላሉ፣ የኔታ?"

"ሳላይ ምን እላለሁ? ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል።"

"እንግዲያስ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ የለም! የሕፃኑ አያት እያሉ?"

"በሥላሴ! ካህን እያለማ አልቀድምም።"

"እንግዲያው አያ ተስፋው ይቅደሙ፤ በዕድሜ ይበልጡናል።"

ከጎናቸው የተቀመጡት አያ ተስፋው ደግሞ ካህን ሳይቀድማቸው እህል እንኳ አይቀምሱም። ሦስቱ እጅ ለእጅ ተያያዙ፣ ተገፋፉ፣ ተማማሉ። በእኛ አገር ሁለት ሽማግሌ በር ላይ ከተገናኙ ከኋላ ያለው ሰው ቢቀመጥ ይሻለዋል። ጨረቃዋ ግን ይሉኝታ አታውቅም፤ ወደ ባሕር ዛፉ ወረደች። ወንዳወቅ ቱቦውን ደጋግሞ አስተካከለ።

"አባቶቼ፣ ልትጠልቅ ነው!" አለ፤ ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆነ። ክረምቱ ደጅ ላይ ነው፤ ነገ ደመና ሊሆን ይችላል፣ አባቱም ሰው ቤት አድረው በማለዳ ወደ ቋሪት ሊመለሱ ነው። እኔ ጮኼ ልናገር አፌን ስከፍት፣ አያ ገብረሰንበት የልጃቸውን ፊት አዩት። ቀስ ብለው እጃቸውን ከመሪጌታ እጅ አላቀቁ።

"ይቅር ይበሉኝ የኔታ፤ ዛሬስ እቀድማለሁ።"

በሰባ ዓመታቸው ካህን ሲቀድሙ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው ዓይናቸውን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

"ይህ ሁሉ መሬት ጦሙን ያድራል?" አሉ በመጨረሻ።

ዳሱ በሳቅ ተናጋ። ወንዳወቅ ከአባቱ ጎን ተንበርክኮ ተራራውን፣ ጉድጓዱን፣ ጥላውን ያስረዳል፤ እሳቸው ይጠይቃሉ። መሪጌታ ከኋላ "እኛስ፣ አያ?" ይላሉ። "ቆዩ እንጂ፣ ገና ዳሩን አላየሁም!" ብለው አልለቅ አሉ። ጨረቃዋ ባሕር ዛፉ ውስጥ ስትገባ ያዩት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቀና አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

"ነገ ትታያለች?"

"ደመና ካልሸፈናት ትታያለች፣ አባባ።"

"ከሸፈናትስ?"

"እስክትገለጥ መጠበቅ ነው።"

"እንግዲያስ እጠብቃለኋ። መኝታዬን የት አነጠፋችሁልኝ?"

ወንዳወቅ ሊያነጥፍ ሮጦ ገባ። የቤቱን በር ያሳየኋቸው እኔ ነኝ።