የአለቃዬ ጂፒኤስ

ዛሬ ከሰዓት አለቃዬ ጋራዥ ድረስ በባጃጅ ሲመጡ በዓይኔ አየሁ። እኚህ ሰው ያለ ቢሮ መኪና ምሳ እንኳ በልተው አያውቁም።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሹፌር ነኝ። በቅርቡ መኪኖቻችን ላይ ሁሉ ጂፒኤስ ተገጠመ። በስብሰባው ላይ አለቃችን "ይህን የሚቃወም ኪራይ ሰብሳቢ ብቻ ነው!" ብለው አስጨብጭበውናል።

ዛሬ ጠዋት ጠርተው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጡኝ። ጥፋቴ? ትናንት በምሳ ሰዓት የምነዳት መኪና ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆማ በጂፒኤሱ ታየች። ዓሣ በልቻለሁ፤ አልካድኩም።

ከምሳ በኋላ ደግሞ ለእሳቸው የተመደበችውን መኪና ቁልፍ ሰጥተው "ጋራዥ ውሰድና ጂፒኤሱን አስነቅለው" አሉኝ።

መካኒኩ "ያለ ፊርማ አልነቅልም" አለ። ደወልኩላቸው።

"አንተው ፈርምለት!"

ማስጠንቀቂያ በኪሴ ይዤ ሌላ ልጨምር? "ይቅርታ ጌታዬ፣ አልፈርምም" አልኩ።

በባጃጅ ከች ያሉት ያኔ ነው። ቅጹ ላይ "ምክንያት" በሚለው ቦታ "የግል ሕይወትን ለመጠበቅ" ብለው ጽፈው ፈረሙ።

እኔም ደፈር ብዬ "ጌታዬ፣ የእኔንም መኪና ጂፒኤስ አብሮ ይንቀልልኝ?" አልኳቸው።

"አንተ ደግሞ ምን የግል ሕይወት አለህ?" አሉና መኪናቸውን ራሳቸው አስነስተው ወደ ሐይቅ ዳር ከነፉ።

ወገኖቼ፣ የግል ሕይወት የሚፈቀደው ከስንተኛው የደመወዝ ደረጃ ጀምሮ ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። እናንተ መሥሪያ ቤትስ መጀመሪያ የተነቀለው ከማን መኪና ላይ ነው?