ወንዝ የወሰደው ዴስክ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ሲመጣ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። ቦርሳውን ሶፋው ላይ ወረወረና ጭቃ ባዘለ ጫማው ቤቱን እየዞረ «ተዘጋ እኮ እማዬ፣ ተዘጋ!» ይላል። ሌላ ቀን ቢሆን ስለ ጭቃው አንድ ሁለት እለው ነበር። ያን ቀን ግን አፌ እንቢ አለኝ። ውጭ የሰኔ ዝናብ የቦንጋን ጣራ ይደበድባል፤ እኔ በሐሳቤ አራተኛ ክፍል ተመልሼ ቁጭ ብያለሁ።

በእኛ ጊዜ ትምህርት ቤት ዝም ብሎ አይዘጋም ነበር። መዘጋቱም ራሱን የቻለ ሥራ ነበረው። ፈተና ካለቀ በኋላ ግድግዳው ይለቀለቃል፣ መስኮቱ ይወለወላል፣ ዋናው ግን ዴስክ ማጠብ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነን ስለምንቀመጥ ሦስታችን የራሳችንን ተሸክመን ከከተማው በታች ወዳለው ወንዝ እንወርዳለን። ዓመቱን ሙሉ የፈሰሰበትን ቀለምና የተለጠፈበትን ማስቲካ በአመድና በአሸዋ እናሸዋለን። አልለቅ ካለ ከነመቀመጫው ውሃ ውስጥ አጋድመን፣ ድንጋይ ጭነንበት እንዘፈዝፈዋለን። ልብስ ነው እንዴ የሚዘፈዘፈው ትሉኝ ይሆናል። እኛ እንዘፈዝፍ ነበር፣ አለቀ።

የክፍላችን ኃላፊ ጋሽ ኃይሌ ይባላሉ። ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል፣ ረዥም ቀጭን ሰው ነበሩ። አራተኛ ክፍልን ስንጨርስ፣ ትምህርት ቤት ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በር ላይ ቆመው፣ ዴስኩን ያላስረከበ ነገ ካርድ እንደማያገኝ ነገሩን፤ ያውም በዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ። ካርድ ደግሞ ለእኔ ማለፍና መውደቅ ብቻ አልነበረም። በማግስቱ አጎቴ ከማንኪራ መጥቶ ክረምቱን እዚያ ሊያከርመኝ ነው። ማንኪራ ማለት ነጭ ማር ከነሰፈፉ፣ ጫካ ለጫካ ከአጎቴ ልጆች ጋር መሯሯጥ፣ «አጥኚ» የሚል ሰው የሌለበት አገር ማለት ነው። እናቴ ግን ካርዴን በዓይኗ ሳታይ ከደጅ እንደማልወጣ ምላለች። እናቴ ከማለች ማለች ነው።

ዴስኩን የምጋራቸው ዘውዴና አብዱ ነበሩ። ዘውዴ የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ በሆነው ባልሆነው የምትንከተከት ሳቂታ። የአብዱ ቤተሰቦች ከወሎ መጥተው ገበያው ጫፍ ላይ ሱቅ የከፈቱ ናቸው። ሱቅ ውስጥ ስላደገ የአካባቢውን ቋንቋ፣ ካፊኖኖውን፣ ከእኛ ከአገሬው ልጆች ይበልጥ ያቀላጥፈዋል፤ ክርክርማ አይጣል ነው። ዴስካችንን ዘፍዝፈን ዳር ላይ ተቀመጥንና የተቀቀለ ጎደሬ በሚጥሚጣ እየበላን ስለ ክረምቱ ወሬያችንን ያዝን። ሰማዩ ጠራ ያለ ነበር። ላይኛው አገር መዝነቡን ማን ነግሮን።

መጀመሪያ የውሃው ድምፅ ተለወጠ፣ ከዚያ መልኩ ቀላ። ቀና ስንል ዴስካችን ድንጋዩን አራግፎ ተነሥቷል። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንደ ሰው ተነሥቶ ነው የሄደው። ዘውዴ ሳቋን ለቀቀችው። ለእኔ ግን ማሩም፣ ጫካውም፣ ክረምቱም አብረውት ሲሄዱ ታየኝ።

ዳር ዳሩን ተከትለነው ሮጥን። ቀሚሴን ቁጥቋጦ ያዘው፤ አንዱ ኮንጎ ጫማዬ ጭቃ ውስጥ ቀረና መዝዤ በእጄ ይዤው በረርኩ። ዴስኩ ይሰወራል፣ ብቅ ይላል፣ ድንጋይ መትቶ ይሽከረከራል። ብቅ ባለ ቁጥር ሦስታችንም እንጮኻለን። ፍርሃቴ እንዳለ ሆኖ፣ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ልቤ ልትወጣ ደርሳ እንኳ እግሬ አልቆም አለኝ። ወንዙ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ስንደርስ ግን ዴስኩ ጭልጥ አለብን። እኔ እዚያው ተቀምጬ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ዘውዴም ሳቋን አቆመች።

ከመታጠፊያው ወረድ ብሎ፣ በእንሰት የተከበበ አንድ ጎጆ አለ። እስቲ እንጠይቅ ብለን ስንጠጋ ዴስካችን ከነእርጥበቱ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ደግሞ ቀጥ ብላ፣ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ተቀምጣበታለች። ተነሺ የሚላት መምህር የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። እናትየዋ ቀሚሷ እስከ ወገቧ ርሶ ከጎኗ ቆማለች። ዴስኩን ከውሃ የጎተተችው እሷ ናት።

አብዱ በካፊኖኖ አመሰገናትና ዴስኩ የእኛ መሆኑን አስረዳ። ሴትየዋ እስኪጨርስ አዳመጠችው። ከዚያ የመለሰችውን ዛሬም አልረሳውም።

«ይቺን ልጅ መስከረም ላይ ትምህርት ቤታችሁ ይዣት መጥቼ ነበር። መቀመጫ የለም ብለው መለሱን። ስንት ወር ስታለቅስ ከርማ ዛሬ ወንዙ መቀመጫ አመጣላት። አሁን እንዴት ብዬ ነው ተነሺ የምላት?»

አብዱ፣ ያ ተከራካሪ፣ መሬቱን በእግሩ ጣት ይጭር ጀመር። ልጅቷ ዓይኗን ከእኛ ላይ አልነቀለችም፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ጥብቅ አድርጋ ይዛለች። አንጀቴን በላችው። ግን ካርዴስ? አጎቴስ? ሴትየዋ ልጇን አየት አደረገችና፣ እንካችሁ ውሰዱት፣ ግን እሷንም አብራችሁ አስቀምጧት አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችንም።

«አራተኛ ትሆናለች፣ እትዬ» አለ አብዱ ሳያስጨርሳት። «ነገ ይዘዋት ይምጡ።»

እኔና ዘውዴም ተሽቀዳድመን ማልን። ነገ ምን ቀን እንደሆነ ከሦስታችን አንዳችንም ትዝ አላለንም። ሴትየዋ ዳገቱን እስክንወጣ ዴስኩን አገዘችን፤ ጋሽ ኃይሌ ቆጥረው ተረከቡን፤ እኔም ክረምቱን በልቤ እየበላሁ ተኛሁ።

በማግስቱ ባንዲራ ተሰቀለ፣ ንግግር ተደረገ፣ ካርድ ታደለ። አልፌአለሁ! እናቴ ካርዱን ገልብጣ አይታ ጉንጬን ሳመችኝ፣ አጎቴ በር ላይ ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ይጠብቀኛል። ያ ሁሉ ተማሪ እየጮኸ ወደ በሩ ጎረፈ። እኔም ከጎርፉ ጋር በሩ ደርሼ፣ በዚያ ሁሉ ወጪ መሀል ወደ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ሰዎች አየሁ። እናትየዋና ልጅቷ ናቸው። ልጅቷ ፊቷ ታጥቦ ጸጉሯ ቅቤ ተቀብቷል፤ ሰው እየገፋት እንኳ አትመለስም።

ክው አልኩ። አጎቴ «እንሂድ እንጂ» እያለኝ ዞሬ ሮጥኩ፤ ዘውዴንና አብዱን ከያሉበት ጎትቼ አመጣሁ። ጋሽ ኃይሌ ክፍሉን ቆልፈው፣ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ጅማ የምትሄደውን መኪና ሊሳፈሩ ሲወጡ በሩ ላይ ደረስንባቸው። አብዱ የወንዙንም የሴትየዋንም ነገር እየተንተባተበ ነገራቸው።

«ማነው ዛሬ ትምጣ ያላት?» አሉ በዚያ ዝቅ ባለው ድምፅ።

«እኛ ነን፣ ጋሼ።»

እሳቸው ልጅቷን አዩ። መኪናዋ ከመንገዱ ጥሩምባዋን ነፋች። አለቀልን ብዬ መሬት መሬት ሳይ ጋሽ ኃይሌ ሻንጣቸውን አስቀምጠው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ።

«መቀመጫ ካላትማ ትግባ» አሉ።

አራት ሆነን ዴስካችን ላይ ተጠጋጋን፤ እኔ በግማሽ ጎኔ ነው የተቀመጥኩት። ስሟን ጠየቋት። አብዱ ሳይተረጉምላት በፊት «አስካለ» አለች። በታጠበው ሰሌዳ ላይ ሀ ሁ ሂ ጻፉና አንድ ባንድ አስነበቧት። እኛም አራተኛ ክፍል የጨረስነው ትልልቆቹ አብረናት እየጮኽን አነበብን። እናትየዋ በመስኮት ታያለች፤ ከኋላዋ አጎቴ ጆንያውን አውርዶ ቆሟል፤ መኪናዋ ሄዳለች። ከዚያ ጋሽ ኃይሌ አስካለን ዳይሬክተሩ ዘንድ ወስደው ለመስከረም አስመዘገቧት።

አስካለ ዛሬ ደካ ከተማ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሰኔ ሲገባ ትደውልልኛለች። ሰው ሁሉ ትምህርት የጀመረው በመስከረም ነው፣ እኔ ግን በሰኔ፣ ያውም ዝግ በር ተከፍቶልኝ እያለች ትኮራብኛለች። እኔም ትኩራ እላለሁ፣ ይገባታል። በዚያ ክረምት ማንኪራ ምን ያህል ማር እንደበላሁ ረስቼዋለሁ። ከትምህርት ቤት ለመውጣት የሮጥኩባቸው ሰኔዎች ብዙ ናቸው፤ ለመመለስ የሮጥኩት ግን የዚያን ቀን ብቻ ነው። ደስታው እስካሁን አልለቀቀኝም።