የሱቃችን መቃን እስከ አሰብ

ከቆቦ የወጣን ማለዳ ቤታችን በር አልነበረውም። እናንተ እዚያ የቀራችሁት በዚህ ብዙ እንደሳቃችሁብኝ ሰምቻለሁ፤ «የሰይድ ሚስት ረሃቡ ሲመጣ መጀመሪያ የበላችው በሯን ነው» ተብሏል አሉ። ሳቁ፣ አልቀየማችሁም። ነገሩን ግን ከእኔ አፍ ስሙት፤ በሩን ባልበላው ኖሮ አባቴን እቀብር ነበር።

የዚያን ዓመት ማሽላ ታውቁታላችሁ፤ ከጉልበት ሳያልፍ አገዳው ደርቆ ቀረ። ባሌ ሰይድ እህል ነጋዴ ነው፤ የሚሸምተው እህል ሲጠፋ ሱቁ ባዶ ጆንያ የሚታጠፍበት ሆነ። ከዋጃ እስከ ሮቢት በመንገዱ ዳር ሰው ተቀምጦ መኪና ይጠብቅ ነበር፤ ለመሳፈር አይደለም፣ ምናልባት የሚጥሉለት ነገር ቢኖር ብሎ ነው። ሰይድ አሰብ ወደብ የሚሠራ የአጎት ልጅ ስላለው «እዚያ እንውረድ» አለ። አሮጊቷ ላንድሮቨራችን ግን ከአራቱ ልጆችና ከጥቂት ዕቃ በላይ አትይዝም። አባቴ ደግሞ ድሮ ከግመል ወድቀው ቀኝ እግራቸው አይታጠፍም፤ ተጋድመው ካልሆነ መንገድ አይችሉም።

«አባን ቆይተን እናስመጣቸዋለን» አለ ሰይድ። በዚያ ዓመት «ቆይተን» ማለት ምን ማለት እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም።

መፍትሔው ከጎረቤታችን ከጋሽ ሐጎስ መጣ። ጋሽ ሐጎስ ከአላማጣ ማዶ መጥተው ከሚስታቸው ከእትዬ ትበርህ ጋር ቆቦ የከረሙ ክርስቲያን ናቸው፤ ከአባቴ ጋር ሳይጨቃጨቁ ውለው አያውቁም፣ ሳይገናኙም ውለው አያውቁም። መኪናቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ማሽላ ይጎትቱበት የነበረው ባለሁለት ጎማ ተሳቢ ግን ግቢያቸው ቆሟል።

«ቆሞ ከሚዝግ አባትሽን ሙሄን ይዞ ይሂድ» አሉኝ።

«እርስዎና እትዬ ትበርህስ? ለሦስት ሰው ይበቃል እኮ።»

«ትበርህ ደረቷን ይዟታል፣ መንገድ አትችልም። እኔ ደግሞ ያለ እሷ የት እሄዳለሁ? ተይኝ ዘይነባ፣ አባትሽን ውሰጂ።»

ተሳቢው ተገኘ፤ መኪናችን ግን መጎተቻ የላትም። ሰይድ ቸኩሎ በያጁን ከድርን አመጣና «ፓራውልቱ ላይ በይድልኝ» አለው። ከድር «ፓራውልት ለመጋጫ ነው እንጂ ለመጎተቻ አይደለም» ቢል፣ «ብረት አይደል እንዴ?» ብሎ አፉን አዘጋው። ተበየደ። ለሙከራ ተሳቢው ላይ ድንጋይ ጫንንና ሰይድ ወደ ጎሊና ነዳው። የወንዙን አሸዋ እያጓራ አቋረጠ፣ ማዶ ወጣ፣ ከመኪናው ወርዶ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ «አላልኳችሁም?» ብሎ ጮኸ። ተሳቢው ከነፓራውልቱ አሸዋው መሀል ተቀምጧል። አባቴ በቃሬዛ ተይዘው ሊያዩ መጥተው ነበርና «ልጄ፣ እኔ ያለሁት በየትኛው በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት።

ከዚያ በኋላ ከድርን ሰማነው። መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ሻንሲውን፣ መኪናዋን የተሸከሙትን ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመዶሻ እያንኳኳ ሄደ። ደህናው ቦታ ይጮኻል፣ ዝገት የበላው ድምፁን ይውጣል። «እዚህና እዚህ ጥሩ ብረት አለ» አለ። «ከአንዱ ሻንሲ ወደ ሌላው የሚያያዝ ወፍራም ብረት አምጡልኝ። ብየዳ አይደለም፣ በቡሎን ነው የማስረው፤ ያረጀ ብረት እሳት ሲነካው ይብስበታል።» ሰይድ የሞተ መኪና ባሌስትራ፣ የጎማ ሞላ ብረት፣ ይዞለት መጣ። ከድር ራሱን ነቀነቀ፤ ባሌስትራ እንደ ልብ ይታጠፋል እንጂ ሲበሱት ይሰነጠቃል። ቆቦን ዞርን። ብረት ያለው ሰው ሁሉ ሸጦ በልቶታል።

እኔ ዓይኔ የቤታችንም መግቢያ በሆነው የሱቃችን በር ላይ አረፈ። አማቴ በደጉ ዘመን ከደሴ ያስመጡት የብረት መቃን ነው፤ ውፍረቱን ታስታውሱታላችሁ።

«አብደሻል?» አለ ሰይድ። «ቤት ያለ በር ትቶ የሄደ ሰው አይመለስም ማለት ነው!»

«አባዬ በተዘጋ በር ውስጥ ከሚቀሩ፣ በሩ ራሱ ከእኛ ጋር ይሂድ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው የሚለው ካለው እሱን ይብላና ይጥገብ፤ ሌላ የሚበላ የለው!»

ጥሎኝ ወደ ጓዳ ገባ። ቆይቶ ዶማውን ራሱ አመጣና መቃኑን ከግድግዳው ነቀለው። ላቡን እየጠረገ ነበር፤ ላብ ብቻ አልነበረም።

ከድር ብረቱን ቆረጠው፣ በሳው፣ ከሻንሲው ውስጥም ውጭም ላሜራ ደርቦ በትልልቅ ቡሎኖች አሰረው። ተሳቢውን ከመኪናዋ የሚያያይዘው ፒን ቢሰበር እንኳ ወደ ኋላ እንዳይቀር ሰንሰለት ጨመረበት። ከዚያ አባቴን ለልክ ተሳቢው ላይ አስተኛናቸው።

«ጭንቅላቴ ቁልቁል ነው» አሉ። «ደሜ ሁሉ አናቴ ላይ ወረደ። እንዲህ ቀልቼ አሰብ ብገባ ፈረንጅ ነው የሚሉኝ።»

መጎተቻው ዝቅ ብሎ ኖሯል። ከድር ፈታው፣ ከፍ አድርጎ መልሶ አሰረው፤ ተሳቢው ልክ እንደ አልጋ ተስተካከለ። ዕቃውንም ከጎማው ፊት ትንሽ እንዲከብድ አስደረገን፤ ከኋላ የከበደ ተሳቢ ጅራቱን ይቆላል አለ። ይኸው እስከ ዛሬ አልቆላም።

ማለዳ ስንነሳ ጋሽ ሐጎስ የበሩን ክፍተት በግራር እሾህ ዘጉልን። «በል ሙሄ፣ ተሳቢዬን አደራ» አሉ።

«ተሸካሚው እሱ፣ አደራው ለእኔ? እኔን ለእሱ አደራ በለው እንጂ!» አሉ አባቴ። ሁለቱም ሳቁ። ተሳቢው ሲንቀሳቀስ ግን አባቴ ፊታቸውን በጋቢ ሸፈኑ።

አንድ ኬላ ላይ አንድ ባለሥልጣን አስቆመን። «ይህ ምንድን ነው?»

«አባቴ ናቸው።»

«ሰው በተሳቢ መጫን ክልክል ነው። ጭነት ከሆነ ደግሞ ይቀረጣል።»

አባቴ ቀና አሉ። «ጭነት ብለህ ቅረጠኝ፣ ልጄ። ብቻ ከመቅረጥህ በፊት መዝነኝ፤ ከዚህ ዓመት ምን ያህል እንደተረፍኩ ልወቀው።»

ሰውዬው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከረሃብ ሸሽታችሁ ነው?»

«ረሃብ አለ እንዴ?» አልኩት።

«የለም። የለም ነው የተባለው።»

«እኛም ለሽርሽር ነው።»

ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

ከባቲ በታች ያለውን ቆላ ሁለት ጊዜ ጎማ እየቀየርን አለፍነው። እኔ በየቆምንበት መጀመሪያ የማየው ያቺን መጎተቻ ነው፤ የቡሎኖቿን ማሰሪያ ዳዶዎች በእጄ እነካካለሁ። ንቅንቅ አላለችም። አሰብ ገብተን የባሕሩ ነፋስ ፊቴን ሲመታኝ ምድጃ የተከፈተ መሰለኝ። የራያ ሙቀት እኮ ማታ ሲሆን ያርፋል፤ የዚህ ሙቀት ሥራ አይፈታም። ልብስ ሳታጥቡት እርጥብ ነው፤ ሩጡባ ይሉታል።

ቤት ያከራዩን አንድ የመናዊ ሀጂ ናቸው፤ ለሰይድ ጓዳውን አሳዩት። ጣሪያ የለውም።

«ጣሪያውስ?»

«አሰብ ለምን ጣሪያ ትሻለህ? ዝናብ የለም። በር ግን አለው፣ እየው፣ ጥሩ በር ነው!»

ሰይድ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። በዚያ ዓመት እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ተከራየነው። የአጎቱ ልጅ ሥራ አለው የተባለው የወደቡን ኮት ለብሶ ለመቆም ያህል ነበር፤ ለእኛ የሚተርፍ የለውም። ሥራውን ያገኘነው ራሳችን ነን። የከተማው ውሃ ጨው ጨው ይላል፤ ትንሽ የሚሻለው ከሩቅ ጉድጓድ ይመጣል። ተሳቢው ላይ በርሜል ደረደርንና ሰይድ «ሞያ! ሞያ!» እያለ በየሰፈሩ መዞር ጀመረ፤ በዓረብኛ ውሃ ማለት ነው። አሁን ልጆቼ ጠግበው ያድራሉ፤ ይህን ስላችሁ በኩራት ነው። አባቴ ደጃፍ ላይ አልጋቸው ላይ ሆነው ውሃውን በጠጡ ቁጥር ያጉረመርማሉ፤ «ይህስ ውሃ ሳይሆን የአሳ እንባ ነው» ይላሉ።

ባለፈው ሳምንት ከእናንተ ዘንድ የመጣ የጭነት መኪና ሾፌር እትዬ ትበርህ መሞታቸውን ነገረን።  አባቴ በማግስቱ «ለቅሶ ልድረስ» አሉ። ቆቦ እንዴት ይደረሳል? ቴሌ ቤት ይዘናቸው ሄድንና ለጋሽ ሐጎስ ጥሪ አስያዝን፤ ቆቦ ቴሌ ድረስ ተጠርተው እስኪመጡ ቁጭ ብለን ጠበቅን። መስመሩ ሲገኝ ጆሮዬን ከአባቴ ጆሮ ጋር አስጠጋሁ።

«ሙሄ! ወንድሜ! ደህና ነህ?»

«አልሀምዱሊላህ። አንተስ ሐጎስ? ቤት እንዴት ነው?» አባቴ መርዶውን ራሳቸው እስኪነግሯቸው ጠበቁ።

መርዶ ለስደተኛ እንደማይነገር ታውቃላችሁ፤ አገሩ ሲገባ፣ የሚደግፈው ሰው አጠገቡ ሲኖር ነው የሚረዳው። ጋሽ ሐጎስም ደንቡን ያውቃሉ።

«ቤት ደህና ነው» አሉ። «ትበርህም ደህና ናት። እየተሻላት ነው። የአሰብ ውሃ እንዴት ነው?»

አባቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ማር ነው» አሉ። «ማር። ትበርህን ሰላም በልልኝ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ሐጎስ። «ማታ እነግራታለሁ።»