በአውራ ጣቴ ያጠፋሁት ክብ

አየር የሚያፈስ መኪና አባቴ ጋራዥ ሲገባ ሁሉም ሰው ዝም ይላል። ሬዲዮው ይዘጋል፤ ብየዳው ይቆማል፤ ሹፌሩም ወሬውን በአፉ ይይዛል። ደጀን መንገድ ዳር ናትና ከውጭ የአውቶቡስ ጥሩምባ አይጠፋም፤ ከአጥሩ ውስጥ ያለነው ግን ትንፋሻችንን ውጠን እናዳምጣለን። የሚያፈሰውን ቦታ ያገኘ ሰው አይናገርም፤ በጠመኔ ክብ ያደርግበታል። ሌላ ሰው በሳሙና አረፋ ያረጋግጥለታል። የሚጠግነው ክቡን ያደረገው ነው። የአባቴ ሕግ ይኸው ነው።

ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ጠመኔ እመኝ ነበር። አባቴ ግን ሁልጊዜ "አንቺ አረፋውን በጥብጪ" ይለኛል። ደብረ ማርቆስ ኮሌጅ ገብቼ አውቶሞቲቭ የመረጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠመኔውን አንድ ቀን እንዲሰጠኝ ብዬ ነው።

በአንደኛ ዓመት መጨረሻ ለአንድ ወር የሥራ ልምምድ ስንወጣ፣ ቦታ ያጣ የክፍል ጓደኛዬን ወደ አባቴ ጋራዥ አመጣሁት፤ የሚያድረውም እኛ ቤት ሆነ። ያመጣሁት ራሴ መሆኔን ሳስብ ይበልጥ እናደዳለሁ። የደብረ ወርቅ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ዜማ የተማረ፣ ሲጠሩት "አቤት" ብሎ ብድግ የሚል። በሦስተኛው ቀን የአንድ መኪና የፍሬን ቱቦ ሲያፈስ ከሁላችንም ቀድሞ ሰማው።

አባቴ ሳቀ። "ዜማ የለመደ ጆሮ! በል ያዝ፣ ልጄ" ብሎ ጠመኔውን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጠው።

ልጄ! በሦስት ቀን! ከዚያ በኋላ ሁሉን ነገር መቁጠር ጀመርኩ። ማታ እናቴ ወጡን የምትጨምረው በማን በኩል እንደሆነ አየሁ። የእኔን ፈተና አንድም ቀን ጠይቆኝ የማያውቅ አባቴ፣ የእሱን የኔታ ጠባይ ሳይቀር ሲጠይቀው ሰማሁ። ይህን ሁሉ እየቆጠርኩ ፊቴ ግን ይስቃል።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ጤፍ የጫነ ከባድ መኪና ወደ ግራ አጋድሎ ገባ። የኋላ ጎማዎቹ ጭነቱን የሚሸከሙት በብረት ባሌስትራ ሳይሆን በአየር በተሞላ ወፍራም የጎማ ፊኛ ነው። ሹፌሩ ከነቀልዱ ወረደ።

"ጋሼ፣ እኔ አልጠጣሁም፤ እሷ ናት ጠጥታ የምትንገዳገደው!"

አባቴ መኪናውን በታኮ አስደገፈና ጠመኔውን ለሁለት ሰበረው። "ዛሬ ሁለታችሁም ፈልጉ" አለ። የእኔ ስባሪ አነስ ይል ነበር፤ በዓይኔ ለክቼዋለሁ።

ከመኪናው ስር ገባን። ብዙም ሳልቆይ የቱቦው መጋጠሚያ ላይ ሽሽ የሚል ድምፅ ሰማሁና ክብ አደረግኩበት። እሱ ግን ፊኛው ስር ጆሮውን ደቅኖ ቆየ። በመጨረሻ ክብ አድርጎ ወጣ፤ አባቴም የእኔን ክብ ከውጭ አጎንብሶ አይቶ የመጋጠሚያ ቀለበት እንዲገዛ ማዶ ወዳለው ሱቅ ላከው። ብቻዬን ስቀር እየተሳብኩ ሄጄ የእሱን አየሁ። ክቡ ፊኛው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ነው። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ድምፁ ከትንኝ ድምፅ አይበልጥም። እሱ ፊኛ ሊቀይር፣ እኔ ቀለበት ልቀይር! አውራ ጣቴን በምራቄ አራስኩና ክቡን አሸሁት። ጠፋ።

አባቴ ገብቶ ክቤን በአረፋ አረጋገጠና ወጣ። "አንድ ብቻ ነው?"

"አንድ ነው አባዬ።"

"እንግዲያው የዛሬው ያንቺ ነው" አለና መፍቻውን ሰጠኝ።

ጓደኛዬ ቀለበቱን ይዞ መጣ፤ ምንም አልጠየቀም። የኔታ ያዩትን ነገር መልሶ መጠየቅ ድፍረት ነው ተብሎ ያደገ ልጅ ነው፤ አባቴ አይቶት የተወው መስሎታል። ቀለበቱን ቀየርኩ፤ አየር ተሞላ፤ መኪናው ቀጥ አለ። አባቴ "ጎሽ" አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ቃል ውሃ ውሃ አለኝ።

ሹፌሩ የጾም ምሳውን በልቶ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ሲመለስ መኪናው በግራ በኩል አንድ ስንዝር ወርዷል።

አባቴ አረፋውን ይዞ ስር ገባ። ሲወጣ ፊቱ ተለውጧል። "ፊኛው እጥፋቱ ላይ ተሰንጥቋል። ይህን ማንም አልሰማም?"

ጓደኛዬ ወደ እጄ ተመለከተ። አውራ ጣቴ ጥፍር ስር ነጭ ነገር አለ። "የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ" አለ ቀስ ብሎ። "ምልክቱን ሳላደምቀው ቀርቼ ይሆናል።"

የዚያን ጊዜ የተናደድኩትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ጥፋቴን እንኳ ሊወስድብኝ!

"እሱ አይደለም!" ብዬ ጮህኩ፣ ማንም በማይጮህበት ግቢ። "እሱ አድርጎበት ነበር፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ!"

አባቴ በአገጩ ወደ ሹፌሩ አመለከተ። "ለእኔ አይደለም የምትነግሪው። ጭነቱን ይዞ የዓባይን ቁልቁለት የሚወርደው እሱ ነው።"

ለሹፌሩ ነገርኩት። አልቀለደም፤ አልተሳደበም። ወደ አባቴ ዞሮ "ጋሼ፣ እሷ የነካችውን ሁሉ እርስዎ ደግመው ይዩልኝ" አለ ብቻ።

አባቴ መጋጠሚያዬን ፈትቶ እንደገና አሰረው። ሥራው ደህና ነበር። ደህና ነው ብሎ የተናገረልኝ ግን የለም።

ፊኛውን ጓደኛዬ ቀየረው፤ እኔ አረፋ በጠበጥኩ። ሲጨርስ ራሱን ከስር አወጣና "ነይ እዪልኝ" አለኝ። ሕጉ ነው፤ ሌላ ሰው ማረጋገጥ አለበት። ገባሁና አረፋውን በብሩሽ ቀባሁት። ዙሪያውን፣ እጥፋቱን፣ ግርጌውን እያየሁ፣ አንዲት፣ አንዲት ብቻ አረፋ ብትነፋ ብዬ ተመኘሁ። ሁለተኛ ጊዜ ቀባሁት። አልነፋችም።

"አያፈስም" አልኩ፤ ሹፌሩም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።