ጋቢ የለበሰ ማሽን

በተፈጥሮዬ ተጠራጣሪ ነኝ። "ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር" የሚለውን ሌላው ሰው ለቀልድ ሲያወራው እኔ እንደ ምክር ይዤው ነው ያደግኩት። ዳውንታውን አትላንታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ መሥራቴም ጠባዬን አባሰው እንጂ አላሻሻለውም። ቀኑን ሙሉ "ትኬቴ ጠፋብኝ" የሚል ሰው ፊት ሲያነብ የዋለ፣ ቤቱ ሲገባም ፊት ማንበቡን አይተውም።

ስለዚህ እንጨት የሚቀርጽ ማሽን ከአንድ ጡረታ ከወጣ አሜሪካዊ ስገዛ፣ ገና ከበሩ የሰውየው ዓይነ ውኃ አላማረኝም። ጋራዡ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነበር። እንጨት ሲቆርጥ የኖረ ሰው ጋራዥ ውስጥ እንዴት አንዲት የሰጋቱራ ቅንጣት ይጠፋል? ለምን እንደሚሸጠው ብጠይቀው "ጉልበቴን ያመኛል" አለኝ። ማሽኑ የሚሠራው በኮምፒውተር ነው፤ ጉልበት ምን አገባው ብዬ በሆዴ ያዝኩበት። ቢሆንም ገዛሁት፤ የምፈልግበት ጉዳይ ነበረኝ።

ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚህ በፊት ደስታችንን ላገኘነው ሁሉ ነግረን፣ ኋላ ባዶ እጃችንን ቀርተን እናውቃለን። የዚያን ጊዜ ሊያጽናናን የመጣውን ሰው ሁሉ ፊት እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ በዚህኛው ተማማልን፦ ሆዷ በግልጽ እስኪታይ ድረስ ለማንም አንናገርም፣ ለገዛ ወንድሟም ቢሆን። ልጁ ሳይወለድ ዕቃ መግዛት ደግሞ እሷ ዘንድ ጨርሶ የማይታሰብ ነው። እኔ ግን እጄ አላርፍ አለኝ፤ የሕፃኑን አልጋ ራሴ መሥራት አማረኝ። ተከራከርን። በመጨረሻ ዘንጎቹንና የራስጌውን ሳንቃ ቀርጬ ላስቀምጥ፣ የምገጣጥመው ግን ከተወለደ በኋላ እንዲሆን ተስማማን። "ያልተገጠመ እንጨት እንጨት ነው፣ አልጋ አይደለም" አልኳት። ሳቀችብኝና ተወችኝ።

ወንድሟ ከእኛ ጋር ቤዝመንት ውስጥ ነበር የሚኖረው። ከአትላንታ ወጣ ብላ ባለችው ዱሉዝ መጋዘን ውስጥ ይሠራል፤ እኔ ጠዋት ወጥቼ ከሰዓት ስመለስ እሱ ይወጣል። ማሽኑን ከመኪና ያወረደልኝም፣ ብሎኑን አብሮኝ ያሰረውም እሱ ነው። ምን ልሠራበት እንዳሰብኩ ሲጠይቀኝ "ሆቢ ነው" ብዬ ዘጋሁት።

የእኛ ጋራዥ የሕዝብ መተላለፊያ ነው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ በዋናው በር ሳይሆን በጋራዡ ነው የሚገባው፤ ጫማውንም እዚያው ያወልቃል። ማሽኑን ያየ ይጠይቃል፣ የጠየቀ ይገምታል፣ የገመተ ያወራል። እኔ ደግሞ የሰው ዓይን እፈራለሁ፤ አልደብቅም። ስለዚህ ማሽኑን ጋቢ አለበስኩት። የባለቤቴ እናት ፈትለው የላኩት፣ ከማርጀቱ የተነሣ ዘርፉ የሚመዘዝ ከባድ ጋቢ ነው። እንግዳ "ይሄ ምንድን ነው?" ካለ "የተበላሸ ትሬድሚል ነው" እላለሁ። ስለ መሮጫ ማሽን ማንም ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም፤ የተበላሸ ትሬድሚል የሌለበት ቤት የለም።

ወንድሟ ጋቢውን ሲያይ ፊቱን ቋጠር አደረገ።

"ጋሼ፣ ይሄ ነገር ለማሽን አይሆንም። ፕላስቲክ ከቨር ኦርደር ላድርግልህ?"

ፕላስቲክ ውስጡን ያሳያል። "አንተ እጅህን ሰብስብ" አልኩት። እንዲገለጥ የፈለገው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሆዴ ውስጥ ቀረ።

መጀመሪያ ላይ ማሽኑ እሺ ባይ ነበር። በመቁረጫው ፋንታ እርሳስ አስሬ ክብ ሳስለው፣ መስመሩ ዞሮ ዞሮ ከተነሣበት ነጥብ ላይ ልክ ይገጥማል። ዘንጎቹን መቁረጥ ከጀመርኩ በኋላ ግን አንዱ ዘንግ ወገቡ ላይ ተበልቶ ወጣ። እርሳሱን መልሼ አስሬ ክብ አሳልኩት፤ ጫፎቹ ሳይገናኙ ተላለፉ። ሞተሩ እየዞረ፣ መቁረጫውን የተሸከመው ጋሪ ግን አልፎ አልፎ እዚያው ይቀር ነበር ማለት ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሻጩን ነው። ደወልኩለት። በትሕትና መለሰልኝ፤ ትሕትናው ራሱ አጠራጠረኝ። ቀጥሎ ላፕቶፑን ጠረጠርኩ፤ ሳያስፈቅደኝ አፕዴት የሚያደርግ ዕቃ ነውና ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ከዚያ ተራው ሰጋቱራውን የሚስበው ቫኪዩም ሆነ፤ ኤሌክትሪኩን ይረብሽ ይሆናል ብዬ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰካሁት። ገመዶቹን አንድ በአንድ ፈተሽኩ። ጋሪውን የሚገፋውን ረጅም ጥርሳም ብረት ግራሶ ቀባሁት፤ አልሻል ሲለኝ ግራሶ ጨመርኩበት። ሥራዬን በጨረስኩ ቁጥርም ጋቢውን መልሼ አለብሰው ነበር።

ያልተዋጠልኝ የችግሩ ጠባይ ነው። አንድ ቀን ክቡ ይገጥማል፣ ሌላ ቀን አይገጥምም። ዕቃ ሲበላሽ ተበላሽቶ ይቀራል እንጂ እንደ ሰው አመል አያወጣም። ቀኖቹን በልቤ እያስተያየሁ ስከታተል አንድ ነገር ደረስኩበት። ወንድሟ ኦቨርታይም ተጠርቶ ገና በጠዋት የወጣ እንደሆነ ማሽኑ አይሠራም። ጠዋቱን ቤት ያሳለፈ እንደሆነ ይሠራል። ሌላ ሰው ከዚህ ምን ይረዳ እንደነበር አላውቅም፤ እኔ የተረዳሁት ግን ልጁ እንዳሻው እንደሚያበላሸውና እንዳሻው እንደሚያስተካክለው ነው።

ወጥመድ አጠመድኩ። አንድ ጠዋት የጋቢውን ጥለት ወደ ግድግዳው አዙሬ ወደ ሥራ ሄድኩ። ስመለስ ጥለቱ ወደ በሩ ዞሯል። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ" አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ።

እሁድ ምሳ ተበልቶ፣ እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ጠየቅሁት።

"ማሽኑን ትነካለህ?"

"አዎ፣ ነክቼዋለሁ" አለ፣ ይክዳል ብዬ ስጠብቅ።

"ምን ፈልገህ?"

እህቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ነበር። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሳብ አደረገች። እሱ እሷን አየና ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ።

"እንዲሁ ነው። ሶሪ ጋሼ።"

"እንዲሁ የሰው ዕቃ አይገለጥም! ለማን ነው የምታሳየው? ቪዲዮ እያነሣህ ለጓደኞችህ ትልካለህ?"

ፊቱ ተለወጠ። "እንደዚያ ካሰብክ ችግር የለም" አለና ወደ ቤዝመንት ወረደ። በሳምንቱ ዱሉዝ አንድ የሥራ ጓደኛው ጋ ገባ።

ባለቤቴ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። "እዚህ አገር ከእሱ ሌላ ሥጋ የለኝም" አለችኝ። "ስወልድ ቤቱን የሚሞላልኝ ማን ነው? ማሽንህ? ልጄ አጎቱን ሳያውቅ ቢያድግ የምጠይቀው አንተን ነው።" ከዚያ በኋላ ስለ ወንድሟ ባነሣሁ ቁጥር ክፍሉን ለቅቃ ትወጣ ጀመር። ከመናደድ ይልቅ ፈራሁ። በዚያ ሁኔታዋ ኀዘን እንዳይጎዳት ፈራሁ።

አንድ ማጽናኛ ብቻ ነበረኝ፤ አሁን ማሽኑ ይሠራል። የሚያበላሸው ሄዷል። የራስጌውን ሳንቃ አሰርኩና፣ መሐሉ ላይ ቀደም ብዬ በእርሳስ የነደፍኩትን እርግብ እንዲቀርጽ አዘዝኩት። አንዱን ክንፍ አሳምሮ ጨረሰ። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ሞተሩ አቃሰተ፣ ጋሪው ተንቀጠቀጠ፣ መቁረጫው በእርግቧ አንገት ላይ አልፎ ሄደና ቆመ። እንዲህ ሆኖ ተበላሽቶ አያውቅም ነበር። ተጠርጣሪው በሌለበት ጥፋቱ ለምን ባሰ?

ከዚያ ወዲያ የቀረኝ ነገር ማሽኑን መፍታት ነበር። የረጅሙን ብረት መሸፈኛ ሳነሣ ጥርሶቹ መሐል የተጠቀጠቀ ጥቁር ነገር አየሁ፤ ከግራሶው ጋር ተለውሶ እንደ ደረቀ ሊጥ ሆኗል። በፒንሳ ይዤ ሳብኩት። ይመዘዛል፣ ይመዘዛል፣ አያልቅም። ጫፉ ሲወጣ ነጭ ነበር።

የጋቢው ክር ነው።

ዘርፉ ግራሶው ላይ ያርፋል፤ ጋቢውን ስገፈው ክሩ እዚያው ተጣብቆ ይቀራል፤ ጋሪው ሲሄድ ይጠቀልለዋል። ግራሶ በጨመርኩ ቁጥር የሚይዘው ክር ይጨምራል። ከሰው ዓይን ልሸሽገው ያለበስኩት ጋቢ ነው ማሽኑን ሲበላው የከረመው።

መሬቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ቁጭ ባልል ኖሮ የጠረጴዛውን ሥር አላይም ነበር። እዚያ ባዶ የቲማቲም ቆርቆሮ ተቀምጧል። ውስጡ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና የተመዘዘ ክር፣ ግራሶ የነካው፣ ትንንሽ ድቡልቡል ሆኖ። ቆርቆሮው እስከ አፉ ሞልቷል። ልጁ ጠዋት ጠዋት ጋቢውን እየገለጠ ክሩን ሲለቅም ኖሯል።

እንዲህ ያለ ጸብ በሽማግሌ ነው የሚታረቀው። ግን ሽማግሌ ብልክ "ጸባችሁ በምን ነው?" ብሎ ይጠይቀኛል። በማሽን ብል፣ "ማሽኑ ለምን?" ይላል። የምልከው ሰው ስላጣሁ ቆርቆሮውን መኪናዬ ውስጥ አስቀምጬ ቅዳሜ ጠዋት ራሴ ዱሉዝ ሄድኩ። በሩን ሲከፍትልኝ ቆርቆሮውን ዘረጋሁለት።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነገርኩህ እኮ ጋሼ። ከቨር ላድርግልህ አልኩህ።"

"ያን ቀን ስጠይቅህስ?"

ቆርቆሮውን ተቀብሎ ውስጡን አየ። "ምን ልበል? ለእህቴ ልጅ አልጋ ነው፣ እንዳይበላሽ ብዬ ነው ልበል? እሷ እዚያ ቆማ? አልነገራችሁኝማ። ያልተነገረኝን እንዴት አወቅሁ እላለሁ?"

"ማን ነገረህ?"

"ማንም። ዘንጎቹን አየኋቸዋ፤ ሳንቃው ላይ የነደፍከውን እርግብም። ኮመን ጋሼ፣ ለትሬድሚል ማን እርግብ ይቀርጻል?"

ይቅርታ ጠየቅሁት። እንዴት እንዳልኩት አላስታውስም፤ እሱ ግን እንዳልጨርስ በእጁ ከለከለኝ። "እህትህ ምግብ አልበላ ብላኛለች፣ ና ወደ ቤት" ስለው ሻንጣውን ይዞ ወጣ።

መንገድ ላይ ፕላስቲኩን እንዳዘዝኩ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። የቤታችን ሰፈር ጋ ስንደርስ ግን አመሌ አላስችል አለኝ። መብራት ይዞን ስንቆም ወደ እሱ ዞርኩ።

"እውነቱን ንገረኝ፣ ለማን አወራህ?"

የጫማውን ክር እያሰረ ነበር፤ ቀና እንኳ አላለም።

"ለማንም" አለ። "ላንተም አልነገርኩህም።"