አሥራ ስድስት ዓመት የነዳ ጀማሪ

ከአገሬ የወጣሁት የጭነት መኪና እየነዳሁ ነው። ቡና ጭኜ ወደ አሰብ ስነሣ እናቷ የሞተችባትን የስምንት ዓመት ልጄን ሄለንን አጠገቤ አስቀመጥኳት። ኬላ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «አክስቷ ዘንድ ላደርሳት ነው» እያልኩ አለፍኩ። ኤሊዳር ሳንደርስ፣ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ መኪናውን ዳር አስይዤ ሞተሩን አጠፋሁ። ሾፌር የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያን ያህል ዘመን አብሯችሁ የኖረ ድምፅ ድንገት ሲቆም ምን እንደሚመስል። ልጄን አዝዬ፣ አንድ አፋር እየመራን፣ በእግራችን ወደ ጅቡቲ ተሻገርን። ከዚያ ሆላንድ እስክንገባ ያየነውን ፍዳ አብዛኞቻችሁ ስለቀመሳችሁት አልደግመውም።

አሁን የምነግራችሁ ከዐሥር ዓመት በኋላ ስለሆነው ነው። ሮተርዳም፣ ዴልፍስሃቨን ውስጥ፣ ደረጃው እንደ መሰላል ቀጥ ብሎ በቆመ ቤት ተቀመጥን። ዝናቡ እንደኛ አገር ከላይ አይወርድም፤ ከጎን መጥቶ ፊትህን ነው የሚመታህ። እኔ ወደቡ ላይ መጋዘን እጠርጋለሁ። ሄለን ዐሥራ ስምንት ሞላትና ዴን ሃግ የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ሥራ አገኘች። ሥራዋ የሚገባው ባቡሩ ሳይነሣ በፊት ስለሆነ መኪና ግድ ሆነ።

የእኛ አገር መንጃ ፈቃድ እዚህ አይሠራም፤ ስለዚህ አባትና ልጅ አንድ ላይ ተፈተንን። እሷ በመጀመሪያው አለፈች። እኔን ፈታኙ «መኪናውን ይችሉበታል፣ ብስክሌት ግን አያዩም» ብሎ ጣለኝ። በአሰብ መንገድ ግመል እንጂ ብስክሌት የት አለና! በሁለተኛው አለፍኩ፤ ውርደቱን ዋጥኩት። ያረጀች ኦፔል ገዛንና ኢንሹራንስ ልንገባ ሄድን።

እዚህ አገር ኢንሹራንስ የምትገባው በቱሰንፐርሶን በኩል ነው። ደላላ ማለት ነው፤ ከኛው ደላላ የሚለየው ከረባት ማሰሩ ብቻ ነው። ቀያይ ጉንጭ ያለው ሰውዬ ፈገግ ብሎ ተቀበለን።

«ስንት ዓመት ነድተዋል፣ ሜነር?» አለኝ፤ አቶ እንደ ማለት ነው።

«አሥራ ስድስት ዓመት፣ ከነተሳቢው። አንድ ግጭት የለብኝም።»

«እዚሁ ሆላንድ?»

«ኢትዮጵያ።»

ዜሮ ጻፈ። ቀጥሎ ሄለንን ጠየቃትና ለእሷም ዜሮ ጻፈ። ጣርማበርን በጉም፣ የአፋርን በረሃ በሐሩር ያን ሁሉ ዘመን ስመላለስ የኖርኩት ሰውዬ፣ ባለፈው ወር መሪ ከጨበጠች ልጄ ጋር እኩል ጀማሪ ተባልኩ!

«ልክ አይደለም» አልኩት።

«ከዚያ አገር ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ግጭት እንደሌለብዎት የሚገልጽ ወረቀት ካመጡ እናየዋለን፤ ዋጋውም ይቀንሳል።»

«እኔ እኮ ስደተኛ ነኝ። የመንግሥት ጭነት መንገድ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ስልክ ደውለው ቢጠይቋቸውስ?»

ከሸሸኋቸው ሰዎች የመልካም ጠባይ ምስክርነት ልለምን! ሰውዬው ይህን ተናግሮ ሰዓቱን አየ፣ መሳቢያውን ከፈተ፣ ቸኮላት የተነሰነሰበት ዳቦ አወጣና ፊታችን መብላት ጀመረ። እንብላ የለ፣ ምን የለ። በአገሬ ጠላቴም ቢሆን እንብላ ይለኛል።

እየበላ አስረዳን። ቬአ የሚባለው በሕግ ግዴታ ነው፤ የገጨኸውን ሰውና ንብረቱን ይክሳል። ኦልሪስክ የራስህን መኪናም ይጨምራል፣ ግን ለወጣት ጀማሪ ዋጋው ከኦፔሏ ይበልጣል።

«ልጄስ?» አልኩት። «ልጄ ብትጎዳ የትኛው ውስጥ ነው ያለችው?»

«ቬአ ውስጥ የለችም። ኦልሪስክም የሚያየው መኪናውን ነው።»

«የሰው አጥር አለ፣ የሰው ብስክሌት አለ፣ የኔ ልጅ የለችም?»

«ለተሳፋሪዎችና ለሾፌሩ ሌላ አለ፤ ለብቻው ነው የሚገባው። ብዙ ሰው አይወስደውም።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደ እኔ ጠጋ አለ። «ዋጋው ከከበደዎት፣ ዋናው ነጂ እርስዎ ነዎት ብለን እንጻፍ። ዕድሜዎ ስለገፋ ይረክሳል። ሁሉም አባት የሚያደርገው ነው።»

ደሜ ፈላ። እውነቱን ስነግረው ያላመነኝ ሰው ውሸት ሊያስተምረኝ ነው! ግን አልዋሻችሁም፣ አንድ አፍታ አሰብኩበት። ሄለን ናት የቀደመችኝ። እዚህ ያደገች ልጅ አንቱታ አታውቅም።

«አባ፣ እንዳትሰማው። የምነዳው እኔ ነኝ። ብጋጭ አይከፍሉም፣ አንተንም አጭበርባሪ ይሉሃል። ዳት ማኽ ኒት» አለች፤ አይፈቀድም ማለቷ ነው።

«የልጄን ስም ጻፍ» አልኩት። «ቬአውን አድርግ። ኦልሪስኩን ተወው፤ ቆርቆሮ ነው፣ ቢጨማደድ ይጨማደድ። ብዙ ሰው አይወስደውም ያልከውን፣ የሰዎቹን፣ እሱን ጨምር።» ትከሻውን ነቅንቆ ጻፈ። ስንወጣ ሄለን ክንዴን ያዘችኝ፤ እኔ ግን ንዴቴ እስከ ቤት ድረስ አልበረደልኝም።

እሑድ ደሴ ለታናሽ ወንድሜ ለጌታቸው ደወልኩ። ጎረቤቱ ሱቅ ስልክ አለ። እዚያ መስመር ላይ ማን እንደሚያዳምጥ ስለማይታወቅ ስለ ጤናና ስለ ዝናብ ብቻ ነው የምናወራው። ያን ቀን ግን ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ፣

«ጋሼ፣ ሄሉ ደውላ ነግራኛለች» አለኝ። «ግጭት የለበትም የሚል ወረቀት ያስፈልግሃል አይደል? ነገ አዲስ አበባ እገባለሁ። መሥሪያ ቤቱ ድረስ ሄጄ በስምህ እጠይቅልሃለሁ።»

ልጄ እኔ ወደቡ ላይ ሳለሁ ደውላ፣ ልትረዳኝ ብላ፣ ወረቀት እንደ ዳቦ የሚገዛ መስሏት! ስሜን ይዞ እዚያ ቢሮ የገባ ወንድም ተመልሶ መውጣቱን ማን ያውቃል? አትሂድ፣ ያስሩሃል እንዳልለው ደግሞ ሽቦው ጆሮ አለው።

«አያስፈልግም፣ ጌቾ» አልኩት፣ ድምፄን እንደምንም አረጋግቼ። «አልቋል። አምነውኛል።»

«ያለ ወረቀት?»

«ያለ ወረቀት። አሥራ ስድስት ዓመት ነድቻለሁ ስላቸው በቃሌ ተቀበሉኝ። እንዳትሄድ፣ ገንዘብህን አታባክን።»

ሄለን በሩ ላይ ቆማ ትሰማኛለች። ከወዲያ ማዶ ወንድሜ ሳቀ፤ ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

«ሰውን በቃሉ የሚያምን አገር!» አለ። «በል እንግዲህ፣ ሰውዬውን፣ ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ ብሎሃል በልልኝ።»

«እላለሁ» አልኩት።